የሕጻኑ መቅኔ የማን ነው?



ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ከሐኪም ቤት የወጣ ቢሆንም መልሱን ሐኪም ብቻውን ሊሰጠው የሚችል አይደለም። አንድ ሕጻን፣ ካልታከመ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ የሚገድል በሽታ ይዞ ተወለደ እንበል። መድኃኒቱ ያለው በወንድሙ አጥንት ውስጥ ነው። ወንድሙ ግን ራሱ የሦስት ዓመት ልጅ ነው። «ትሰጣለህ?» ቢሉት መስጠት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ «አልሰጥም» ቢልም እምቢታው ምን እንደሚያስከትል አይገባውም። አባት በልጁ ፈንታ «እሺ» ሊል ይችላልን? ወሊይ የሆነ ሰው የሕጻኑን ገንዘብ አንስቶ ለሌላ በስጦታ የመስጠት ሥልጣን እንደሌለው ከኡለሞቻችን ተምረናል። ታዲያ ከገንዘብ የሚበልጠውን አካሉን በምን ሥልጣን ይሰጣል?

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል በሽታውን በጥቂቱ ላስረዳ። አላህ (ሱ.ወ.) በሰው ደም ውስጥ ከፈጠራቸው ነጭ ሕዋሳት መካከል ቲ-ሕዋስ የሚባሉት የሰውነት ዘበኞች ናቸው፤ ጠላትን ይለያሉ፣ ሌሎቹንም ያዘምታሉ። እነዚህ ሕዋሳት ሳይኖሩት የሚወለድ፣ ወይም ቢኖሩትም የማይሠሩለት ሕጻን አለ። ሐኪሞች በእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል «ስኪድ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ «ከባድ ጥምር የበሽታ መከላከያ ጉድለት» ብንለው ያስኬዳል። ለሌላው ልጅ ጉንፋን የሆነው ለዚህ ሞት ሊሆን ይችላል። የሚያሳስተው ግን ሕጻኑ ሲወለድ ጤነኛ መምሰሉ ነው። ገና በማኅፀን ሳለ ከእናቱ የተላለፈለት መከላከያ ለጥቂት ወራት ይጠብቀዋል። ይጠባል፣ ይስቃል፣ ይወፍራል። ከዚያ በኋላ ከአፉ የማይለቅ ነጭ ነገር፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የማይድን የሳምባ ምች ይከተላል። ብዙውን ጊዜ የበሽታው ስም የሚታወቀው ሕጻኑ ከተዳከመ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ የአጥንት መቅኔ ነው። መቅኔ የደም መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይታወቃል። ከጤነኛ ሰው የተወሰደ መቅኔ በሕጻኑ ደም ሥር ሲገባ መንገዱን ራሱ ፈልጎ አጥንቱ ውስጥ ይሰፍርና አዲስ ዘበኞችን ማፍራት ይጀምራል። ልኩ ከገጠመ ወንድም ወይም እህት ከተወሰደ ደግሞ፣ ሌሎች የመቅኔ በሽተኞች አስቀድመው የሚሰጣቸው ከባድ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። እንግዳውን መቅኔ የሚያባርር ኃይል ሕጻኑ የለውምና! ሱብሓነሏህ፣ ጉድለቱ ራሱ ለመድኃኒቱ በር ከፈተለት።

እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር ሮበርት ጉድና ለባልደረቦቹ አንድ የጥቂት ወራት ወንድ ልጅ ቀረበላቸው። በእናቱ ወገን በዚሁ በሽታ ብዙ ወንድ ሕጻናት ሞተዋል። እህቱ መቅኔ ሰጠችው፤ ልጁም ድኖ አድጎ ጎልማሳ ለመሆን በቃ። በዚህ ሕክምና ከዚህ በሽታ ከዳኑት የመጀመሪያው እርሱ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የመጀመሪያዋ ሰጪ ራሷ ልጅ ነበረች። ስለዚህ ጥያቄያችን ከሕክምናው ጋር አብሮ የተወለደ እንጂ በኋላ የተፈለሰፈ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ በዓለም የታወቀው የዴቪድ ቬተር ታሪክ ነው። ዴቪድ በ1971 በቴክሳስ ሂውስተን ተወለደ። ከርሱ በፊት የተወለደው ወንድሙ በዚሁ በሽታ ስለሞተ ሐኪሞቹ ተዘጋጅተው ጠበቁትና ከማኅፀን እንደወጣ ተሕዋስ በማይገባበት የፕላስቲክ ክፍል ውስጥ አኖሩት። የእህቱ መቅኔ ይገጥመዋል የሚል ተስፋ ነበራቸው፤ አልገጠመም። ለጥቂት ጊዜ የታሰበው ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት መኖሪያው ሆነ። በነዚያ ዓመታት እናቱ በክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሠራ ጓንት ካልሆነ ልትዳስሰው አልቻለችም። በ1983 ያልገጠመ መቅኔን አዘጋጅቶ የመስጠት ዘዴ በመገኘቱ ያችው እህቱ ሰጠችው። መቅኔው ውስጥ ግን በዚያን ጊዜ ምርመራ ያልታየ ቫይረስ ተደብቆ ነበር። ቫይረሱ ነቀርሳ አስነሳበትና ዴቪድ በፌብሩዋሪ 1984 ሞተ።

ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር የማስበው ስለ ልጁ ብቻ አይደለም፤ ስለ እህቱም ጭምር ነው። ለወንድሟ ሕይወት ብላ የሰጠችው፣ እርሷም ሐኪሞቿም በማያውቁት መንገድ፣ የሞቱ ሰበብ ሆነ። በርሷ ላይ ቅንጣት ጥፋት የለባትም። ነገር ግን አንድን ልጅ «ስጥ» የሚል ወላጅ በዚህ መስጠት ውስጥ ከመርፌው ሕመም ሌላ ምን ሊኖር እንደሚችል ማወቅ አለበት። የሐኪሙ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የማደንዘዣው አደጋና የወገብ ሕመሙ ነው። ወንድሙ ከሞተ በኋላ «የኔ መቅኔ አልጠቀመውም» እያለ የሚያድግ ልጅ በየትኛው ወረቀት ላይ ይጻፋል?

አሁን ወደ ፍርዱ እንምጣ። በኢስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ በ1988 ጅዳ ላይ ባደረገው አራተኛ ጉባኤው ስለ አካል ልገሳ ውሳኔ አስተላልፏል። ውሳኔው እንደ ደምና እንደ ቆዳ ራሱን የሚተካውን ክፍል ከማይተካው ለይቶ፣ የሚተካውን ከሰው ወደ ሰው ማዛወር ፈቅዷል። ሆኖም ሰጪው ሙሉ አህሊያ ያለው፣ ማለትም ባሊግና አእምሮው የተሟላ እንዲሆን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። መቅኔ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱን ስለሚተካ በመጀመሪያው በር ያልፋል። የሦስት ዓመቱ ልጅ ግን በሁለተኛው በር ላይ ይቆማል።

ይህን ጉዳይ ከማከብራቸው አንድ ኡስታዝ ጋር አንስተን ተወያይተንበት ነበር። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «የሕጻን አካል በወላጁ እጅ ያለ አማና ነው። አማና የተሰጠው ሰው ይጠብቃል እንጂ አይለግስም። እናንተ ጋዜጠኞች ሁልጊዜ የሚያስለቅሰውን ታሪክ ታስቀድማላችሁ።» ትችታቸው ትክክል ነው። ማንም ሰው የሚሞት ሕጻን ፊት ለፊቱ ካስቀመጡለት «ውሰዱ!» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ዓይነት ለቅሶ ከተሄደ ነገ ኩላሊቱንም ለመውሰድ ምን ያግደናል?

የአንዳንድ ምዕራባውያን ሊቃውንት መልስ «ወንድሙ ቢድን ሰጪውም ይጠቀማል፤ ስለዚህ የሚደረገው ለራሱ ጥቅም ነው» የሚል ነው። በበኩሌ ይህ አነጋገር አይዋጥልኝም። ወንድም ማግኘት ትልቅ ጸጋ መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን ከሕጻን የምንወስደውን ሁሉ «ለራሱ ጥቅም ነው» ማለት ከጀመርን መመለሻ የለንም። ክትባት ስናስከትበው ስለ ራሱ ነው፤ ስንገርዘው ስለ ራሱ ዲንና ጥሃራ ነው። መቅኔ ስንወስድበት ግን የምንወስደው ስለ ሌላ ሰው ነው። በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ ከዳሌው አጥንት በስተኋላ በመርፌ ደጋግሞ ይወጋል፤ ሲነቃ ለጥቂት ቀናት ያመዋል። ይህ ትንሽና አላፊ ጉዳት ነው፤ ግን ጉዳት ነው። ጉዳት መሆኑን አምነን ከተነሳን ብቻ ነው ልኩንም የምናውቀው።

እኔን የሚያሳምነኝ ፉቀሃዎቻችን ስለ ሙድጠር፣ ማለትም በረሀብ ሊሞት ስለደረሰ ሰው፣ የጻፉት ነው። የሚሞት ሰው ባለቤቱ የማይቸገርበትን ምግብ ካገኘ ነፍሱን የሚያቆይበትን ያህል መውሰድ ይችላል፤ ዋጋው ግን ዕዳ ሆኖበት ይቀራል። በሌላ በኩል ራሱን ለማዳን ከሌላ በሕይወት ካለ ሰው አካል ቆርጦ መብላት አልፈቀዱለትም። መቅኔ በነዚህ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ነገር ነው። ከአካል ነው፤ ነገር ግን እንደ ትርፍ ምግብ ተመልሶ የሚተካ ነው። ኩላሊት አይተካም፤ ስለዚህ ከሕጻን ኩላሊት የሚወስድ ሰው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ተከለከለው ወገን ገብቷል። እንደኔ አመለካከት መቅኔ ወደ መጀመሪያው ያደላል፤ እንዲህ ከሆነ ግን ዕዳውም አብሮ ይመጣል። አባት «ልጄ ለወንድሙ ለገሰ» እያለ በየለቅሶ ቤቱና በየሠርጉ ሊያወራ አይገባውም። ልጁ አልለገሰም፤ ተወሰደበት። ባለ ዕዳው ራሱ አባት ነው።

ኡስታዙ ይህን ሰምተው ዝም አሉና «ሌላ የሚሰጥ ሰው ከጠፋስ ልክ ነህ። ባይጠፋስ?» ብለው ጠየቁኝ። የጉዳዩ ሁሉ መፍቻ እዚህ ጥያቄ ውስጥ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሌላ ሰጪ መኖሩና አለመኖሩ በአብዛኛው የሚወሰነው በጊዜ ነው።

በ2014 በታተመ አንድ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ከ2000 እስከ 2009 በ25 ማዕከሎች የታከሙ 240 የስኪድ ሕጻናት ተመርምረዋል። ሦስት ወር ተኩል ሳይሞላቸው መቅኔ ከተሰጣቸው ውስጥ ከአምስት ዓመት በኋላ 94 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ነበሩ። ከዚያ ዕድሜ አልፈው ግን ኢንፌክሽን ሳይነካቸው የደረሱት 90 በመቶ ናቸው። ኢንፌክሽን ይዟቸው ከዳነላቸው በኋላ የታከሙት 82 በመቶ፣ ኢንፌክሽኑ በላያቸው ላይ እያለ የታከሙት 50 በመቶ ብቻ ናቸው። መቅኔው ከገጠመ ወንድም ወይም እህት የተገኘላቸው ደግሞ 97 በመቶ ተርፈዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርገን እንመልከታቸው። ልጁ ገና ጤነኛ በሚመስልበት ወቅት ከታከመ፣ ከወንድም ባይሆን እንኳ፣ ከእናቱ ወይም ከአባቱ የግማሽ ግጥም ያለው መቅኔ ተዘጋጅቶ ቢሰጠው የመዳን ተስፋው ከፍተኛ ነው። ከወላጅ የግማሽ ግጥም ያለውን መቅኔ በማዘጋጀት በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲዋ ዶክተር ርብቃ በክሊ ለአሥርት ዓመታት ሠርታለች፤ በተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ ከታከሙላት ሕጻናት አብዛኞቹ ተርፈዋል። እናት ባሊግ ናት፤ አእምሮዋ የተሟላ ነው፤ «ከኔ ውሰዱ» ትላለች፤ የጅዳው ቅድመ ሁኔታ ተሟላ። ልጁ የሳምባ ምች ይዞት ከተንፈራገጠ በኋላ ግን ሌላው መንገድ ሁሉ እየጠበበ ይሄድና ዓይኖች ሁሉ ወደ ሦስት ዓመቱ ወንድም ይዞራሉ። ስለዚህ መዘግየት የሚጎዳው የታመመውን ሕጻን ብቻ አይደለም። ያልታመመውንም ልጅ ወደ መርፌው የሚገፋው መዘግየት ነው።

የአሜሪካ የሕጻናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2010 ባወጣው መመሪያ ከልጅ መቅኔ ለመውሰድ ካስቀመጣቸው ሁኔታዎች አንዱ፣ በሕክምና ረገድ እኩል የሚሆን ፈቃደኛ አዋቂ ዘመድ አለመኖሩ ነው። ከኡስታዙ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። እርግጥ ነው፣ የገጠመ ወንድም ካለ ብዙ ሐኪሞች እርሱን ይመርጣሉ፤ ቀላሉና የተሻለው መንገድ እርሱ ስለሆነ። ስለዚህ ጥያቄው ቀደም ብሎ በማከም ብቻ ፈጽሞ ይጠፋል አልልም። ነገር ግን በጥቂቱ የተሻለ ነገርና ከሞት በስተቀር አማራጭ የሌለው ነገር በሸሪዓ ሚዛን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሓጃ ቢባል ሁለተኛው ዶሩራ ነው።

ቀደም ብሎ ማወቅ እንዴት ይቻላል? ከአራስ ተረከዝ ጥቂት የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ተወስዶ ይመረመራል። ምርመራው በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት በ2008 ተጀምሮ እስከ 2018 መጨረሻ በሃምሳውም ግዛቶች ተዳርሷል። በዚያ ሀገር ከ58,000 ሕጻናት አንዱ ገደማ ስኪድ እንዳለበት የታወቀው በዚሁ ምርመራ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ 8,718 አራስ ሕጻናት ተመርምረው በ2018 በታተመው ውጤት ግን ከ2,906 አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚያያዘው ከቅርብ ዘመድ ጋብቻ ጋር ነው፤ ብዙዎቹ የበሽታው ዓይነቶች የሚወጡት ሁለቱም ወላጆች አንድ ዓይነት የተበላሸ ዘር ሲያወርሱ ነውና። የአጎት ልጅ ማግባት ሐላል ነው፤ በሀገራችንም በአፋር ወገኖቻችን ዘንድ አብሱማ የተከበረ ባህል ነው። ሐላል ማለት ግን ዋጂብ ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። በዚያ ላይ የሚገርመው፣ ዘመድ የሚጋባበትና ልጅ የሚበዛበት ቤት የገጠመ ወንድም ወይም እህት የሚገኝበትም ቤት መሆኑ ነው። ወላጆቹ ዘመዳሞች ባይሆኑ እንኳ እያንዳንዱ ወንድም ወይም እህት የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እንግዲህ ይህ ጥያቄ ከማንም በላይ የእኛው ነው ማለት ነው።

«አላህ ጤነኛ አድርጎ የሰጠኝን፣ እየሳቀ የሚጠባውን ልጅ ለምን ሐኪም ይነካዋል? ተወኩሌ በርሱ ላይ ነው» የሚል ወላጅ ይኖራል። ስሜቱ ይገባኛል። ሁለት ወር የሞላው ወፍራም ልጅ ታቅፎ «ይህ ልጅ ሊሞት ነው» መባል ለማመን የሚከብድ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ግመሉን ሳያስር ተወከልኩ ያለው ሰው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያገኘው ምክር ምን እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ዓይን የማያየውን ማመን ለሙእሚን አዲስ ነገር ሊሆን አይገባውም። በነገራችን ላይ፣ በሀገራችን አራስ ሲወለድ የሚሰጠው የቲቢ ክትባት (ቢ.ሲ.ጂ.) ለልጆች ሁሉ ማለት ይቻላል ጋሻ ሲሆን፣ ሕያው ተሕዋስ ስላለበት ስኪድ ላለበት ሕጻን ግን አደገኛ ነው። ይህን የምጽፈው ማንም ከክትባት እንዲሸሽ አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን! ቀደም ሲል በጨቅላነቱ በማያቋርጥ በሽታ ልጅ የሞተበት ቤተሰብ አዲስ ሲወልድ ከክትባቱ በፊት ለሐኪም ይናገር ማለቴ ነው። «ዓይን በልቶት ነው» ተብሎ የተቀበረው የመጀመሪያው ልጅ ለሁለተኛው ምስክር ሊሆን ይችላል።

ሌላም የሚጠይቁኝ አሉ። መቅኔ የሰጠ ሰው ደሙ በተቀባዩ ሰውነት ውስጥ ዕድሜ ልኩን ስለሚኖር እንደ ጡት ዝምድና ጋብቻን እርም ያደርጋልን? ፉቀሃዎች ስለ ደም መስጠት የሰጡት መልስ አያደርግም የሚል ነው፤ መቅኔም የደም ምንጭ እንደመሆኑ ከዚያ ይለያል ብዬ አላስብም። ይህንን በዚሁ ልለፈው።

የሚቀረኝ የወሊዩ ነገር ነው። አባት የታመመውም የጤነኛውም ልጅ ወሊይ ነው። አንዱን ለማዳን ከሌላው የሚወስድ አባት በአንድ ጊዜ ሰጪም ተቀባይም ሆኖ ይፈርማል። በገንዘብ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ቃዲው «አንተ በዚህ ነገር ጥቅም አለህ» ብሎ ለሕጻኑ ሌላ ሰው ያቆምለት ነበር። የአሜሪካው መመሪያም ለሰጪው ልጅ ከበሽተኛው ሐኪሞች የተለየ ጠበቃ እንዲቆምለት ይመክራል። በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የሚሠሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ የሞግዚትነት ጉዳይ የማየት ሥልጣን አላቸው። ወደ ውጭ ሀገር ለሕክምና የሚሄድ ቤተሰብ ሁለቱን ልጆች ይዞ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ለጤነኛው ልጅ አንድ ሰው ቢያስቆምለት ምን ይከብዳል? አጎት ሊሆን ይችላል፣ አክስት ልትሆን ትችላለች፤ ብቻ የታመመውን ልጅ ሌሊት ሌሊት ሲታቀፍ ያላደረ ሰው ይሁን። ያ ሰው ሐኪሙን «ከእናቲቱ ቢወሰድስ?» ብሎ ይጠይቅ። ልጁ ሰባት ዓመት ሞልቶት ነገር የሚለይ ከሆነ ከወላጆቹ ርቆ ብቻውን ያነጋግረው። «ያማል?» ብሎ ሲጠይቀው ደግሞ «አዎን፣ ጥቂት ቀን ያማል፤ ወንድምህም በዚህ ሊድንም ላይድንም ይችላል፤ ባይድን ጥፋቱ የአንተ አይደለም» ብሎ እውነቱን ይንገረው።

ወሏሁ አዕለም።